ለሚካኤል የተጻፈ ዱቤ

በ1970ዎቹ በተክለ ሃይማኖት ሠፈር ዱቤ የወሰደ ሰው «በ12 እከፍላለሁ» አይልም፤ «ለሚካኤል» ነው የሚለው። የእቁብ ዕጣ የሚወጣው ለአቦ፣ ልብስ ሰፊው የሚቀጥረው ለኪዳነ ምሕረት፣ ደመወዝ የሚጠበቀው ለባለወልድ ነበር። የሠፈራችን ባለሱቅ ሐጂ ከስልጤ የመጡ፣ አምስት ወቅት ሰላታቸውን የማያጓድሉ ሰው ናቸው። የዱቤ ደብተራቸው ግን ከዳር እስከ ዳር ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ ነው። ደንበኛው የሚያውቀው ቀን ይኸው ስለሆነ እሳቸውም የሚጽፉት በዚሁ ነበር። ከፋዩ ሲከፍል እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው ታቦቱን በአንድ መስመር ይሰርዙታል። እማዬ ስትዘገይባቸው በሱቁ ደጃፍ ስታልፍ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እትዬ፣ ገብርኤል እኮ አለፈ!» ይሏታል። እሷም «ለማርያም ያድርሰኝ ሐጂ» ትላለች። የሁለት ቀን ጊዜ ስጡኝ ማለቷ ነው።

ስለ መንፈሳዊ ሕይወት ሲወራ ብዙ ሰው የሚያነሣው ገዳሙን፣ ሱባዔውን፣ ባሕታዊውን ነው። ለእኔ ቀድሞ የሚመጣልኝ ያ ደብተር ነው። ዛሬ መንፈሳዊነትን ከዕለት ኑሮ ጋር ስለማዋሐድ ትምህርት ይሰጣል፣ መጽሐፍ ይጻፋል፤ ያን ጊዜ ማን ለይቶት ይዋሐዳል?

ጎሕ ሳይቀድ ከተክለ ሃይማኖት ደወል፣ ከመርካቶ በኩል ደግሞ የታላቁ አንዋር መስጊድ አዛን ይሰማናል። አንዋርና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እዚያ መርካቶ ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸው። የግድግዳ ሰዓት አልነበረንም። እማዬ ከሁለቱ የቀደመውን ስትሰማ ትነሣለች። ከማንም ጋር ሳትነጋገር በሩን ከፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ታማትባለች፤ እሳት የሚነደው ከዚያ በኋላ ነው። ሊጡ ምጣድ ላይ ከመውጣቱ በፊት በእጇ ጠርዝ መስቀል ይደረግበታል፤ ዳቦው ከኮባው ወጥቶ ቢላዋ ሲያርፍበትም እንዲሁ። ከእኛ ከልጆቹ አንዱ እንጀራ ከእጁ ቢወድቅበት አንሥቶ፣ ስሞ፣ እግር የማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ አለበት። ለምን ብሎ የጠየቀ ልጅ አላስታውስም። ብንጠይቅም መልሱ «እህል ነዋ!» ከሚለው አያልፍም ነበር። በዚያ ላይ ዘመኑ ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ የሚገኝበት ነው።

አባዬ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ኤንትሬ ፊያት ይነዳል፣ መንገዱም አሰብ ነው። ዳዊት ደጋሚ ነበር ብል ሰው የሚያስበው ካባ የለበሰ፣ አትሮኖስ ፊት የተቀመጠ ሽማግሌ ይሆናል። አባዬ ዳዊቱን የሚደግመው ሞተር እያሞቀ ነው። ያ መኪና በብርድ ጠዋት ቶሎ አይነሣም፤ ከተነሣም በኋላ ናፍጣው እስኪስተካከል ድረስ መጠበቅ ነው። በዚያች ጊዜ አባዬ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ጭኑ ላይ የቆዳ ማኅደር ያለው ዳዊቱን ዘርግቶ፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። መዝሙረ ዳዊት በየዕለቱ ተከፍሎ የሚደገም መጽሐፍ ነው፤ የሰኞው ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60 እያለ ይሄዳል። የሰኞውና የማክሰኞው ረጅም ስለሆነ በእነዚያ ቀናት ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይሞቃል። ጎረቤቶች በጭሱ ያጉረመርሙ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ሠላሳ መዝሙር የሚፈጅ ጭስ ቀላል አይደለም።

መንገድ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚለምኑ ሰዎች ሲያገኝ ፍጥነቱን ቀንሶ ሳንቲም ይወረውራል። ረዳቱ ደግሞ የባቲ ልጅ፣ ሙስሊም ነው። ሰላት ሲደርስ አባዬ መኪናውን ዳር ያወጣል። ረዳቱ በጀሪካን ውሃ ውዱእ አድርጎ ሲሰግድ አባዬ ዱላውን ይዞ ጎማ እየመታ አየሩን ያዳምጣል። በክረምት ዕረፍት አብሬው ስሄድ ይህን አይቻለሁ። አንድም ቀን «ዘገየን» ሲባባሉ አልሰማሁም። መኪናውም ቢሆን እዚያ በረሃ ውስጥ ማረፍ ነበረበት፤ ሰላቱ ለራዲያተሩም ማቀዝቀዣ ነበር።

ጾሙን ብዙም አላወራም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነው። የልጆቹ ጾም ፍልሰታ እንደነበረ ግን ልናገር። ነሐሴ ከባተ ጀምሮ በዝናቡና በጭቃው ለቁርባን እንሄዳለን። ጾሜያለሁ የሚል ልጅ ምላሱን አውጥቶ ያሳያል፤ የነጣ ምላስ ጾመኛ፣ የቀላ ምላስ ቆሎ ሰራቂ ነው። ዳኞቹ እኛው ነን፣ ይግባኝ የለም።

ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ቀን ሕዳር 12 ነበር። በ1911 ዓ.ም ሕዳር ላይ፣ ዓለም የእስፓኝ ጉንፋን የሚለው ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። የእኛ ሰው «የሕዳር በሽታ» አለው። ከዚያ ወዲህ በሚካኤል ዕለት ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ሆኖ ቀረ፤ ሕዳር ሲታጠን ማለት ይኸው ነው። ቀኑ ሲደርስ ልጆች ከየጓዳው አሮጌ ጫማ፣ የተቀደደ ሰሌን፣ የቅርጫት ስባሪ እየለቀምን በየደጃፉ እንከምራለን። ሲመሽ ይለኮሳል፣ ከተማው በጭስ ይዋጣል፣ ነገ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ሁሉ ጭስ ጭስ ይሸታል። ሃይማኖት አያስፈልግም እያለ በየስብሰባው የሚለፈልፈው የቀበሌያችን ሊቀመንበር እንኳ ያን ቀን ኮቱን አውልቆ ቆሻሻ ይጎትት ነበር። «የጽዳት ዘመቻ ነው» ይላል። እናቶች «ይሁንልህ» ይሉታል።

አሁን ወደ ማኅበሩ ልግባ፤ ብዙ የምለው ያለኝ እዚያ ላይ ነው።

የእማዬ ማኅበር የሚካኤል ነበር። አሥራ ሁለት ናቸው፣ ወሩም አሥራ ሁለት፤ በዓመት አንዴ ለሁሉም ይደርሳታል። ተራው የኛ ሲሆን ቤቱ ከብዙ ቀን በፊት ይታመሳል። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፣ ጌሾው ይጠነሰሳል፣ ብቅሉና እንኩሮው ገብቶ ይደፈደፋል። እህሉ ከየት ይመጣል እንዳትሉኝ፤ ለዓመት ሲጠራቀም የከረመ ነው። ከቀበሌ የሚታደለው ዱቄት ላይ በየወሩ አንድ ጣሳ ይቀነሳል። እኛ ልጆች «ምነው ዳቦው አነሰ?» ስንል «የሚካኤል ነው፣ ዝም በሉ» እንባላለን።

በቀኑ የንስሐ አባታችን መጥተው ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦውን ይባርካሉ። የወሩ ድርሳነ ሚካኤል ይነበባል። ጽዋው ነጭ ጨርቅ ለብሶ መሐል ይቀመጣል፤ የሚገልጠው የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ብቻ ነው። የማኅበሩ ሙሴ ጡረታ የወጡ ዘበኛ ነበሩ፣ የእናቶች ማኅበር ውስጥ ከንስሐ አባታችን ሌላ ያሉት ወንድ እሳቸው ናቸው። አንድ ሚካኤል የሆነውን ዛሬም አልረሳውም። ሁለት ማኅበርተኞች በቦኖ ውሃ ሰልፍ ተጣልተው ኖሯል። የጀሪካን ተራ ነው ነገሩ፤ ከዚያ አልፎ ዘር ማንዘር ድረስ ተሰዳድበዋል። መጥተው ተቀመጡ፣ አንዷ በር ጥግ፣ አንዷ ከምድጃው አጠገብ። ሙሴው ጽዋውን ሊገልጡ እጃቸውን ሰደዱና መለሱት። ጨርቁን ደልደል አድርገው አስተካከሉና «እንግዲህ ሚካኤል ይጠብቃል፣ እኛም እንጠብቃለን» ብለው ተቀመጡ።

ማንም አልተናገረም። ዳቦው ተባርኳል፣ አይቆረስም። ጠላው ተቀድቷል፣ አይጠጣም። እኛ ልጆች ጓዳ ሆነን የንፍሮውን ሽታ እየማግን ነው። የንስሐ አባታችን ጭራቸውን ወዲያና ወዲህ ያደርጋሉ። ቆይቶ ቆይቶ ከበሩ ጥግ ያለችው ተነሣችና ነጠላዋን አጣፍታ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች፤ የሌላዋን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል ያችኛዋ ቀድማ አነሣቻት። ደግሞም ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፣ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሙሴው ጽዋውን ገለጡት። በማግሥቱ ቦኖው ላይ ደግሞ ተጨቃጨቁ፤ ግን የሚቀጥለው ሚካኤል እንዳለባቸው ስለሚያውቁ ዘር ማንዘር ድረስ አልደረሱም።

ከአንድ ጽዋ ለመጠጣት መታረቅ ግድ ነው። ይህን ማንም አልሰበከንም፣ ሲደረግ አየነው።

ማታ ተረኛዋ ጽዋውን ተቀብላ በእልልታ ወደ ቤቷ ትሸኛለች። በቀይ ሽብር ጊዜ ግን ሰው ተሰብስቦ መታየት ያስጠረጥር ስለነበር እልልታው ቀርቶ እንደነበር እማዬ ትናገራለች። ተቀባይዋ ጽዋውን በነጠላዋ ሸፍና ብቻዋን፣ ከሰዓት እላፊ በፊት፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ትሄዳለች። ዘመኑ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ወርደው የታሠሩበት፣ ኋላም የተገደሉበት ነው። በዚያ ሁሉ መሐል ማኅበሩ አንድም ወር ሳያጓድል ተጠጣ። አንድ ጋን ጠላ ተሸክሞ ያንን ዘመን ያለፈ እምነት ቀላል አይደለም።

ይኸው መንግሥት ግን ሳያስበው ለማኅበሩ አንድ ትልቅ ውለታ ዋለ። በ1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠ ነው፤ በዓመቱ የዩኔስኮን ሽልማት አግኝቷል። አያቴም ደብተሯን ይዛ ቀበሌ አዳራሽ ገባች። ከማርክስ፣ ከኤንግልስና ከሌኒን ሥዕል ሥር ተቀምጣ ፊደል ቆጠረች፣ ስለ ሠርቶ አደሩ የሚያወሩ ዓረፍተ ነገሮችን ጻፈች። ዕድሜዋን ሙሉ ውዳሴ ማርያምን በቃሏ ነው የምታውቀው፤ የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ። ፊደሉን እንደለየች መጀመሪያ የገዛችው ትንሿን ውዳሴ ማርያም ነበር። በጣቷ እየተከተለች ስታነብ በቃሏ ከምታውቀው ጋር የማይገጥም ቦታ አገኘች፤ ለካ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ስትዘል ኖራለች! ከማርያም ይቅርታ ጠየቀችና የዘለለችውን ሁሉ ልትተካ ለብዙ ቀን ያቺን ቃል ደጋግማ አነበበቻት። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቷን በመስተዋት አስገጥማ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጎን ሰቀለችው። ለእሷ ሁለቱ አልተጣሉም።

ከሐጂ ቤት ጋር የነበረን ነገርም በዚሁ መልክ ነው የሚታየኝ። እማዬ ለእነሱ የለየችው ብረት ድስትና ሰሐን ነበራት፤ የእኛ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ለፋሲካ ለሐጂ ባለቤት ዶሮ ከነሕይወቷ ትሰጣለች፤ እሳቸው በቤታቸው አሳርደው ይሠሩታል። በረመዳን ረቡዕና ዓርብ ማታ ለእኛ የሚመጣው ሳምቡሳ የምስር ነው፤ በጾም ቀን ሥጋ ያለው ልጅ እንዳያሳስት እሳቸው ይጠነቀቃሉ። ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆነው የታወጁት ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የተደረገው ታላቅ ሰልፍ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ሐጂ ስለዚያ ሰልፍ ሲያወሩ ደረታቸው ይነፋል። አዋጁ ከመምጣቱ በፊት ግን እማዬ አረፋን በድስቷ ታውቀው ነበር።

ያን ዘመን ማር ነበር እያልሁ አይደለም። ለተዝካር ተበድረው እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ዕዳ የከፈሉ ቤቶች አውቃለሁ። የማኅበር ተራዋ ሲደርስ የአንገት ወርቋን አስይዛ ጠላ የጠመቀች መበለት ነበረች። ማንም «ይቅርብሽ» አላላትም፤ ሚካኤል ይቅርታ ያደርግ ይሆናል፣ ሠፈርተኛ ግን አያደርግም። ከሁሉ የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ጽዋችንን የሠራችው የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ነበረች። እንስራና ጀበና ተሸክማ ትመጣለች፣ እማዬ ደጅ ላይ ተቀብላ ትከራከራለች፣ ትገዛለች። አንድም ቀን «ግቢና ቅመሺ» ስትባል አልሰማሁም። ቡዳ ናቸው ይባላላ! በእጇ የወጣውን ሸክላ ነጭ ጨርቅ አልብሰን እንሳለማለን፣ እሷን ከደጅ እንመልሳለን። ለቦኖ ጠብ ጽዋውን የከለከሉት ሙሴ ስለዚህ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ትዝታችንን ስናወራ ይህን የምንዘልለው ካፈርንበት ነው፤ ሊታፈርበትም ይገባል።

ሠፈራችን ፈርሷል። ማኅበርተኞቹ አንዷ ጀሞ፣ አንዷ ኮዬ ፈጨ፣ ሌሎቹ እማይታወቅበት ደረሱ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ጋን አይታጠንም፤ የወይራው ጭስ ከታች ካለው ጎረቤት ጋር ያጣላል። ቢጠመቅስ ማን ደረጃውን ተሸክሞ ያወጣዋል? አሜሪካ ሜሪላንድ ያለችው እኅቴ እዚያ ማኅበር ገብታለች። እነሱ በሥራ ቀን የዋለውን ሚካኤል ወደ ቅዳሜ ያዞሩታል፤ ሁለትና ሦስት ሥራ ከሚሠራ ሰው ሌላ ምን ይጠበቃል። አዲስ አበባ ያለነው ግን ቅዳሜም እሑድም አላገኘንለትም።

ሃይማኖት ቀነሰ የሚለኝን ሰው አልቀበለውም። እንዲያውም ነጠላ ለባሹ በዝቷል፣ ወጣቱ ከእኛ የተሻለ ግእዝ ያውቃል፣ ግጻዌውም ዳዊቱም ስልክ ውስጥ ገብቷል፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ድምፁም ጨምሯል፤ የዛሬው ሞንታርቦ ሠፈር ያስነሣል። እኔ ጎደለ የምለው ተራው ነው። ስልኩ የዕለቱን ቅዱስ ስም ይነግረኛል፤ የማን ቤት እንደምሄድ፣ ከማን ጋር ሳልታረቅ እንደማልጠጣ አይነግረኝም። ስልክ ላይ የተደገመ ዳዊት ዳዊት ነው፣ አልነቅፈውም። ብቻዬን የጀመርሁትን ግን ብቻዬን ስተወው ማንም አያውቅብኝም። እማዬ አንድ ሚካኤል ብትቀር አሥራ አንድ ሴት ደጃችንን ያንኳኳ ነበር፤ ለመቀጮውም ቢሆን።

እናታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት ካሉ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፤ የማኅበራቸው ጽዋ አሁን ማን ቤት እንዳለ። ከብዙ ዓመት በፊት የተቀበለችው ሴት ተረኛ አጥታ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጣው ይሆናል። ሄዳችሁ ተቀበሏት። ጠላ መጥመቅ ባትችሉ በብርዝም በለስላሳም ይጠጣል፣ ንስሐ አባቶች አይቆጡም። አሥራ ሁለት ሰው ባታገኙ በስድስት ጀምሩት፤ ተራው በዓመት ሁለት ጊዜ ይደርሳችኋል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ሸክላ የምትሠራዋንም ጥሯት።